ለቢራው ከፍለን፣ ለዘፈኑ አጨብጭበን

ለመሆኑ በጎንደር ከተማ የአንድ ዘፈን ዋጋ ስንት ነው? የቢራውን ዋጋ ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። የጥሬ ሥጋውን፣ የባጃጁን፣ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ሒሳብ ጠይቁኝ፣ እሱንም አውቀዋለሁ። የዘፈኑን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ማሲንቆ መቺው አያውቀውም፤ የቤቱ ባለቤት አያውቀውም፤ ሲያዳምጥ ያመሸው ጎንደሬም አያውቀውም። ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ከዋጋ በላይ የሆነ፣ ሌላው ምንም የማያወጣ። እኛ ስለ ዘፈናችን በአፋችን የመጀመሪያውን እንናገራለን፤ በኪሳችን የምንመሰክረው ግን ሁለተኛውን ነው።

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የሚኖር ነፃ ሙዚቃ አለ፤ አሳታሚ የሌለው፣ አለቃ የሌለው፣ በየቤቱና በየሠርጉ ፊት ለፊት የሚጫወቱት ሙዚቃ። ይህ ሙዚቃ ታሟል። የታመመው ግን ብዙ ጊዜ እንደሚነገረን ወጣቱ ባህሉን ስለናቀ አይደለም፤ የፈረንጅ ዘፈን ስለመጣም አይደለም። የታመመው አድማጩ ለሁሉም ነገር ከፍሎ ለዘፈኑ ብቻ ስለማይከፍል ነው። መድኃኒቱም ሌላ ዓውደ ጥናት፣ ሌላ ፌስቲቫል፣ ሌላ የምስጋና ወረቀት አይደለም። መድኃኒቱ በር ላይ የሚቆረጥ ትኬት ነው።

«ትኬት? በአዝማሪ ቤት?» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁና አንብቡኝ።

ሽልማት ምን ይገዛል?

እስቲ አሠራሩን እንመልከተው። አዝማሪ ቤት መግቢያ አይከፈልበትም። ባለቤቱ የሚያተርፈው ከመጠጡ ነው። ማሲንቆ የያዘው ሰውና አብራው የምትዘፍነው ሴት የሚኖሩት ግንባራቸው ላይ በሚለጠፍ ብር ነው። እሱን እኛ «ሽልማት» እንለዋለን። ስሙ ያማረ ነው። ሲበዛ ይበዛል፤ ሲጠፋም ይጠፋል። ዝናብ የጣለ ቀን፣ የወር መጨረሻ የሆነ ቀን፣ እንግዳ ያጣ ቀን አዝማሪው ጉሮሮውን አድርቆ ባዶ ኪሱን ይዞ ይገባል። ባለቤቱ ግን ያን ቀንም ቢሆን ጥቂት ቢራ መሸጡ አይቀርም።

ገንዘቡ ማነሱ አንድ ጉዳት ነው። ከዚያ የከፋው ሽልማት ዘፈኑን የሚያደርገው ነገር ነው። አዝማሪው ቤቱን በዓይኑ ይቃኛል፤ ወፈር ያለ ቦርሳ ያለበትን ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ ቀዬውን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የሰውየው ነው። «ተቀበል!» ሲባል ይቀበላል። የተቀባዩ አፍ የሰጪው ይሆናል።

አንድ የጥር ምሽት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ማሲንቆ መቺው ስለ ቤት ኪራይ አንድ ቅኔ አዘል ግጥም ሰነዘረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰሙን የሰማ ሳቀ፤ ወርቁን ያገኘ አንገቱን ደፋ። ሁለተኛውን ስንኝ ሊያስከትል አፉን ሲከፍት ከማዕዘን በኩል አንድ ሰው ብር ይዞ ተነሣ፣ ግንባሩ ላይ ለጠፈና እንዲወደስ ስሙን ነገረው። ግጥሙ እዚያው ተቆረጠ፤ ውዳሴው ቀጠለ። ሁለተኛው ስንኝ ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። በሰውየው አልፈርድም፤ የቤቱ ሕግ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። አዝማሪውም ልጆች አሉት። የምፈርደው በሕጉ ነው። ሽልማት ውዳሴን ይከፍላል፤ ጸጥታን አይከፍልም። ያን የሰፈነውን ጸጥታ የገዛ አንድም ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ተሸጠ።

አገራችን እኮ አዝማሪን ለውዳሴ ብቻ አልፈጠረችውም። «እረኛ ምን አለ?» እየተባለ የሕዝብ ልብ የሚደመጥባት አገር ናት፤ የአዝማሪም አፍ እንደ እረኛው አፍ የሕዝብ ሚዛን ነበር። ይህን ከእኛ በላይ የተረዳው ጠላት ነው። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1929 ዓ.ም.፣ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን ከአዝማሪዎች ጋር ጨምሮ እንዲያጠፏቸው አዟል። ልብ በሉልኝ፤ መትረየስና አውሮፕላን የነበረው ጦር የፈራው አንድ ጭራ የተወጠረበትን ማሲንቆ ነው! ፋሺስት በጥይት ያላስጣለንን ንግግር እኛ በአሥር ብር ኖት ልናስጥለው ነው?

«ሥርዓታችን ነው» ለሚሉ

«ሽልማት ከአባቶቻችን የወረስነው ሥርዓት ነው፤ ትኬት የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ችግሩ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። አባቶቻችን የሸለሙት የሚበላ አዝማሪን ነው። የመኳንንት ቤት አዝማሪ ከጌታው ገበታ ይበላ፣ ከጌታው ጎተራ ይሰፈርለት፣ ከጌታው ይለብስ ነበር፤ ሽልማቱ ከዚያ በላይ የሚጨመር ምርቃት ነበር። ዛሬ ጌታው የለም፣ ጎተራው የለም፣ ገበታው ተነሥቷል፤ የቀረው ምርቃቱ ብቻ ነው። ምርቃቱን ብቻ ይዞ «ሥርዓቱን ጠብቄያለሁ» ማለት እንጀራውን ነሥቶ «ወጡን ቅመስ» እንደማለት ነው።

ወደ ገጠሩ ደጋ ውጡ፤ ወገራ፣ ዳባት፣ ደባርቅ። በጎንደር ዙሪያ እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ፤ ልጅ ከአባቱ ማሲንቆን፣ እርስ በርስ የሚግባቡበትንም ምስጢራዊ ቋንቋ ይማራል። የእነዚህ ሰዎች ዓመት እንደ ገበሬው ዓመት ወቅት አለው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ አዝማሪው ከድንኳን ድንኳን ይዞራል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ለ55 ቀን ሠርግ የለም፤ ክረምቱም እንዲሁ ደረቅ ነው። ገበሬ ቢያንስ ጎተራ አለው። የአዝማሪ ጎተራ ግን ጉሮሮው ነው፤ ጉሮሮ ደግሞ እህል አያከማችም። ያኔ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። «ወጣቱ ከቀዬው ፈለሰ» ብለን የምናዝንለት ይኸው ሰው ነው። የፈለሰው ጥበቡን ጠልቶ ሳይሆን ጥበቡ ስላላበላው ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

በዚያ ላይ ስድቡ አለ። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ግሥ ይወለዳል፤ ከመዝሙርና ከዝማሬ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ጎንደር በአቋቋም ትምህርቷ የታወቀች፣ ለቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት ክብር የምትሰጥ ከተማ ናት። ወንድሙን ቆማ ተቀብላ ሌላውን በስድብ ትሸኘዋለች። ልጁን ለአዝማሪ ልጅ የማይድር ሰው ለባህል ቀን ንግግር ሲያደርግ «አዝማሪዎቻችን ኩራታችን» ይላል። በስድብ የሚጠራን ሰው በነፃ ማሠራት ቀላል ነው፤ ስድቡና ነፃ ሥራው ተደጋግፈው ይኖራሉ።

«መንግሥት ይቅጠራቸው» ለሚሉ

ሌሎች ደግሞ መፍትሔውን ከመንግሥት ይጠብቃሉ። ይህንንም ሞክረነዋል። በደርግ ዘመን ኪነት ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ተደራጅቶ ነበር፤ ጎንደርም የፋሲለደስ ኪነት ቡድን ነበራት። የጎንደር ዘፈን ሲነሣ ስሙ አብሮ የሚነሣው ይርጋ ዱባለ ያለበትን ያን ትውልድ ማንም አይንቀውም፤ እኔም አልንቀውም። መድረክ ነበር፣ ልብስ ነበር፣ ልምምድ ነበር። ዋጋው ግን መፈክር ነበር። ለዘፈኑ የሚከፍለው መንግሥት በሆነ ጊዜ «ተቀበል!» የሚለውም መንግሥት ይሆናል። በቦርሳው የሚያዝ ሰካራም ቢያንስ ሌሊቱ ሲነጋ ቤቱ ይገባል፤ በማኅተም የሚያዝ ቢሮ ግን አይነጋለትም።

እንግዲህ ሁለት ጌቶችን አየን፤ ባለ ቦርሳውን ጌታና ባለ ማኅተሙን ጌታ። ሦስተኛ መንገድ የለም? አለ፤ በታሪካችንም ታይቷል። በ1961 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል አንድ ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት ያን አዋጅ ጥሶ የራሱን ሸክላ አሳተመ፤ ከዓለማየሁ እሸቴ ጀምሮ፣ አገር ለቆ እስከወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ያ ሁሉ ዘመናዊ ዘፈን የተወለደው ከባለሥልጣን ችሮታ አልነበረም። ከጌታ ሽልማትም አልነበረም። ከሱቁ ገብቶ ገንዘቡን ቆጥሮ «ያንን ዘፈን ስጠኝ» ካለ ተራ ሰው ነው። ያ ሰው ስሙ እንዲወደስ አልጠየቀም፤ መፈክር እንዲጨመርለትም አልጠየቀም። የጠየቀው ዘፈኑን ነው። ነፃ ሙዚቃ የሚኖረው እንዲህ ያለ ገዢ ሲኖረው ብቻ ነው።

የካዛንቺስ ትምህርት

የምሽት ሙዚቃን ሰዓት እላፊ ምን እንደሚያደርገው የደርግ ዘመን አሳይቶናል፤ የከተማው ባንዶች ሌሊቱን ተነጠቁ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በአዲስ አበባ በካዛንቺስና በሌሎች ሰፈሮች አዝማሪ ቤቶች እንደ መስከረም አደይ ፈኩ። የዚያ ዘመን ድምፅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሁለተኛ ቅጽ ላይ ሰፍሯል፤ ርእሱም «ተጫወት!» ነው። ከሰሜን በማሲንቆ የወረደ ድምፅ ፓሪስ ላይ በዲስክ ተሸጠ።

ከእነዚያ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ነበር። እስክስታ መቺው መላኩ በላይ እዚያ ቤት ውስጥ ዓመታትን በሽልማት ብቻ የኖረ ሰው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ተረከበውና አዝማሪ ቤቱን የሙዚቃ፣ የሥዕልና የግጥም ቤት አደረገው፤ ኢትዮከለር የተባለውን ቡድን ይዞም የዓለምን መድረኮች ዞረ። እቴነሽ ዋሴም ከአዝማሪ ቤት ተነሥታ ከፈረንሳዮች ጋር «ዘራፍ» የተሰኘውን አልበም ሠራች። እነዚህ ሰዎች አውሮፓ ላይ ሲጫወቱ አድማጩ በር ላይ ትኬቱን አሳይቶ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ያዳምጣል። እኛ ቋንቋውን እያወቅን፣ ሰሙንም ወርቁንም እየለየን፣ በነፃ ገብተን እናወራባቸዋለን። ኢትሱሺ ካዋሴ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ ጎንደር ድረስ መጥቶ የአዝማሪ ልጆችን ሕይወት በፊልም ቀርጿል፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ከጃፓን የመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ዓመታት ሲያዳምጥ፣ ከአራዳ ገበያ የሚመጣ ሰው አንድ ሰዓት ማዳመጥ ያቃተው ለምንድን ነው?

ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። አንደኛ፣ አዝማሪ ቤትን ከመጠጥ ቤትነት ወደ ጥበብ ቤትነት ማሸጋገር ይቻላል፤ ተችሎ ታይቷል። ሁለተኛ፣ የአንድ ከተማ ሙዚቃ በአንድ ቤት ጣራ ሥር ካደረ ጣራው ሲነሣ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጎንደር የሚያስፈልጋት አንድ ትልቅ አዳራሽ አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ናቸው።

ጥር ላይ ኩራት፣ የካቲት ላይ ዝምታ

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ እሰየው። በጥር ወር ጎንደር ትደምቃለች፤ ድምፅ ማጉያው ከጃን ተከል ይሰማል። ለመሆኑ የበዓሉ ሰሞን የዘፈን መድረክ የማን ነው? ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ከአዲስ አበባ የሚበረው እንግዳ ዘፋኝ በፕሌይባክ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ የዚህ ከተማ ማሲንቆ መቺ ሆቴል በር ላይ ቆሞ ቱሪስት ይጠብቃል። እንግዳው መምጣቱን አልቃወምም። የምቃወመው ለእንግዳው ውል፣ ለባለቤቱ ጭብጨባ መሆኑን ነው።

ዛሬ ጎንደር ውስጥ ክራሩን ከማጉያ ጋር አገናኝተው፣ ጊታርና ኪቦርድ ጨምረው፣ የራሳቸውን ግጥም በራሳቸው ቅኝት የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ትዝታንና ባቲን ያውቃሉ፤ የዓለምንም ሙዚቃ በስልካቸው ይሰማሉ። አንድ የዝግጅት አስተባባሪ ከእነዚህ ወጣቶች ለአንዱ ቡድን እንዲህ ሲል ጆሮዬ ሰምቷል፦ «አሁን ክፍያ የለም፤ ግን ስም ታገኛላችሁ።» ስም! ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለወንበር አከራዩ፣ ለድንኳን ተካዩ ግን ጥሬ ገንዘብ ተከፍሏል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን «ስም ታገኛለህ» ቢለው ኖሮ በጨለማ ይቀር ነበር። ዘፋኙም አንድ ቀን እንዲህ ቢለን ምን ይውጠናል?

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ

የማቀርበው ሐሳብ ተራ ነው። አንድ ቤት በሳምንት አንድ ቀን፣ የታወቀ ቀንና የታወቀ ሰዓት፣ የተጫዋቾቹን ስም በሩ ላይ ጽፎ፣ ትኬት ይቁረጥ። የትኬቱ ዋጋ የአንድ ቢራ ዋጋ ይሁን፤ ከዚያ አይብለጥ። ለምሳሌ 80 ሰው ቢገባ የ80 ቢራ ዋጋ ነው። ለቤቱ 20ውን ስጡት፤ ቀሪውን 60 አራት ተጫዋቾች ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው የ15 ቢራ ዋጋ ይደርሳቸዋል፤ ገና ማሲንቆው ሳይነካ የታወቀ ደመወዝ። መጠጡ እንደ ወትሮው የቤቱ ነው። ሽልማቱም ይቅር አላልኩም፤ የወደደ ይሸልም፤ ነገር ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ይታገሥ። የሚሸልመው ስለሚደነቅ እንጂ አዝማሪው ስለራበው አይሁን።

ይህ ሲሆን ሌላም ነገር ይለወጣል። ትኬት የቆረጠ ሰው ያዳምጣል፤ የከፈለበትን ነገር ማንም በወሬ አያባክንም። ያልወደደም በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል፤ ተጫዋቹም ግጥሙን ያድሳል። አዝማሪው ዓይኑን ከወፍራሙ ቦርሳ አንሥቶ ቤቱን ሁሉ ያያል፤ 80 ሰው እኩል ከፍሎታልና ጌታው አንድ ሰው አይደለም። ያኔ ያ የተቆረጠው ሁለተኛ ስንኝ ይሰማል።

«ሕዝቡ ድኻ ነው፣ አይከፍልም» የሚል መልስ ይመጣል። ድህነቱን አልክድም። ነገር ግን ዳሽን የሚጠመቅባት ከተማ ለቢራ ድኻ ሆና አላየኋትም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አምስት ቢራ የደረደረ ሰው ለስድስተኛው ሒሳብ ዘፈኑን መግዛት ያቅተዋል ብሎ የሚነግረኝ ሰው ሒሳብ ሳይሆን ልማድ እየነገረኝ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሰላሙ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ጎንደርም ሰዓት እላፊ አይታለች። ቱሪስቱ ቀረ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ በሽልማት የሚኖር ሰው ሌሊቱን ሲነጠቅ ሁሉን ተነጠቀ። ሰው እየሞተ ስለ ዘፈን ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ ወገኖች ሐዘናቸውን አከብራለሁ። ግን ሐዘንንስ ማን ይዘፍነዋል? ሙሾ አውራጅ ያጣ ሐዘን ይታፈናል። ደግሞም ጨዋታ የግድ እኩለ ሌሊትን አይፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በቡና ቤት ግቢ ውስጥ፣ ቤተሰብ ልጁን ይዞ የሚመጣበት ጨዋታ ቢዘጋጅ ሰዓት እላፊም አይነካውም፤ ስካርም አያበላሸውም፤ ሴት ልጅም ሳትሸማቀቅ ትገባለች።

በመጨረሻ ስለ ስልካችን አንድ ነገር ልበል። አዝማሪው አፉን ሲከፍት አሥር ስልክ ይነሣል። ቪዲዮው በማግስቱ በሌላ ሰው ስም ይለቀቃል፤ ተመልካቹ ይቆጠራል፤ ገቢው ለቀረጸው ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከያኒው ገና ያልተቀረጸ ክዋኔውን የማስቀረጽና የማሰራጨት መብት የራሱ እንደሆነ ይናገራል። በዚያው አዋጅ ግጥሙ እንደ ድርሰት ጥበቃ የሚያገኘው ግን ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው። እንግዲህ በቃሉ የሚፈጥር አዝማሪ ግጥሙን ቀድሞ በራሱ ስም ካላስቀረጸ ባለ ስልኩ ይቀድመዋል። ትኬት የሚቆርጡት ቤቶች ይህንንም ያክሉ፦ በር ላይ «ያለ ተጫዋቹ ፈቃድ መቅረጽ ክልክል ነው» ብለው ይጻፉ፤ ጨዋታውንም ራሳቸው ቀርጸው ቅጂውን ለባለቤቱ ይስጡት።

አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለባህል ቢሮ አይደለም፤ ለአንተና ለአንቺ ነው። ቢሮ አልጠየቅኩም፣ በጀት አልጠየቅኩም፣ የመሠረት ድንጋይም አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት የአንድ ቢራ ዋጋ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ማሲንቆ ወደሚመታበት ቤት ስትገቡ አሳላፊውን «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት ተጫዋቹን «ዘፈኑስ ስንት ነው?» በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅምና። ሁለተኛ ሲጠየቅ ያስባል። ሦስተኛ ሲጠየቅ ዋጋውን ይነግራችኋል። ዋጋውን የሚያውቅ አዝማሪ ደግሞ ስማችሁን ለማወደስ አይቸኩልም፤ እውነታችሁን ለመናገር ጊዜ ያገኛል። ያን እውነት ለመስማት የማንፈልግ ከሆነ ግን ባህላችን፣ ኩራታችን ማለቱን እንተወው፤ ቢራችንን ጠጥተን ወደየቤታችን እንግባ።